ማን ያያል? ማን ይናገራል? የአጭር ልብ ወለድን አንፃር የመመርመር ዘዴ

አንድ አጭር ልብ ወለድ አንብበን ስንጨርስ «አንፃሩ ምንድን ነው?» ተብለን ብንጠየቅ፣ አብዛኞቻችን ከትምህርት ቤት ይዘናቸው ከወጣናቸው ስያሜዎች አንዱን መዝዘን እንመልሳለን፤ አንደኛ መደብ ነው፣ ሦስተኛ መደብ ነው፣ ሁሉን አወቅ ነው እንላለን። መልሱ ስሕተት አይደለም፤ ይሁን እንጂ የቤቱን ቁጥር ከበሩ ላይ አንብቦ «ቤቱን አየሁት» እንደ ማለት ያለ ነው። አንፃር ታሪኩ በማን አንደበት እንደ ተነገረ፣ በማን ዓይን እንደ ታየ፣ ተናጋሪውም ምን ያህል እንደሚያውቅና ከሚያውቀው ምን ያህሉን እንደ ሰጠን የሚወስን ነገር በመሆኑ፣ ምርመራው የሚጀምረው ስሙ ከተሰጠ በኋላ ነው።

ይህን የምጽፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሐዋሳ ላይ ፍቅር ሐይቅ ዳር ተቀምጠን አጫጭር ልብ ወለዶችን እያነበብን የምንከራከር ጥቂት ሰዎች ከገጠመን ነገር ተነሥቼ ነው። በመካከላችን ተማሪ አለ፣ መምህር አለ፣ ነጋዴም አለ፤ ቤቱ ሲገባ ሲዳምኛ ወይም ወላይትኛ የሚናገርም አለ። የምንሰናከልባት ድንጋይ ግን አንድ ናት። የአንፃር ትምህርት ሲሰጠን ደንቦቹ በውጭ ቋንቋዎች ልክ የተሰፉ ስለ ነበሩ፣ አማርኛ ራሱ አንፃርን የሚያሳይባቸውን ምልክቶች ልብ ሳንል አልፈናቸዋል። አማርኛ ተራኪው ቆሞ የሚያይበትን ቦታ በግሱ ጅራት፣ በአክብሮት ቅርጹ፣ እንዲሁም «ብሎ» እና «ለካ» በመሳሰሉ ትንንሽ ቃላት ውስጥ ያኖረዋል፤ «እኔ» የሚለውን ቃል ብቻ እየፈለገ የሚያነብ ሰው ይህን ሁሉ ያጣዋል።

እኔም የተሰናከልሁበትን ልናገር። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ በአንድ ፈተና ላይ አጭር አንቀጽ ተሰጥቶን አንፃሩን እንድንለይ ተጠየቅን። በአንቀጹ ውስጥ «ደክሞኛል»፣ «አልሄድም»፣ «ምን አገባኝ» የሚሉ አባባሎችን ስላየሁ ያለ ማመንታት «አንደኛ መደብ» ብዬ ጻፍሁ። ሁሉም ግን «አለ»፣ «ብሎ አሰበ»፣ «ብሎ ተኛ» በሚሉ መዝጊያዎች የታሰሩ ነበሩ። ነጥቡን አጣሁ፤ እስከ ዛሬ ቅር የሚለኝ ግን መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ ከማድረግ በቀር ለምን እንደ ተሳሳትሁ አለማስረዳቱ ነው። ምክንያቱን ያገኘሁት ከብዙ ዓመት በኋላ በመሆኑ ከታች በቦታው እመለስበታለሁ።

ሁለቱን ጥያቄዎች ስለ መለየት

ዤራር ዤኔት የተባለው ፈረንሳዊ የሥነ ጽሑፍ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው ጥናት፣ ከእርሱ በፊት የነበሩ ሐያስያን «ማን ያያል?» እና «ማን ይናገራል?» የሚሉትን ሁለት ጥያቄዎች አደባልቀው እንደ አንድ ይመለከቱ እንደ ነበር አሳየ። ልዩነቱ ቀላል ይመስላል፤ በተግባር ግን የምርመራው ቁልፍ ይኸው ነው። ታሪኩን በሦስተኛ መደብ የሚነግረን ድምፅ የአንድም ገጸ ባሕርይ ድምፅ ላይሆን ይችላል፤ የምናየው ሁሉ ግን በአንድ ገጸ ባሕርይ ዓይን ብቻ ሊሆን ይችላል። ተናጋሪውና ተመልካቹ ሁለት ናቸው ማለት ነው።

ነገሩን በባዶ ሜዳ ከማስረዳት አንድ አንቀጽ ይዤ ብሄድ ይሻላል። የሚከተለውን ለዚሁ ሥራ ብዬ የጻፍሁት ሲሆን፣ ቦታው የሐዋሳው የዓሣ ገበያ አሞራ ገደል ነው፤ አባ ኮዳ የሚባሉትም በዚያ የሚውሉት ትልልቅ ወፎች ናቸው።

«ብሩክ የዓሣውን ቅርፊት መፋቁን ትቶ ቀና አለ። ጋሽ ዱካሞ ጀልባዋን ወደ ዳር እየገፋ መጣ። ዛሬም ምንም አልያዘም? ትናንትም እንዲሁ ነበር። ብሩክ ቢላውን በሱሪው ጠረገና ልሂድና ልርዳው ብሎ ተነሣ፤ ሁለት እርምጃ እንደ ተራመደ ግን ቆመ። መረቡ ባዶ ብቻ አልነበረም፤ ለካ መሐል ለመሐል ተቀድዷል። አባ ኮዳዎቹ ከዛፉ ሥር ተደርድረው የዓሣ ሆድ ዕቃ ይጠብቃሉ። ሽማግሌው ወደ እነርሱ እንጂ ወደ ልጁ አላየም።»

በመጀመሪያው ንባብ እርሳስ አለመያዝ ይመረጣል። አንባቢ ታሪኩ እንዲይዘው ካልፈቀደ፣ አንፃሩ በእርሱ ላይ ምን እንደ ሠራ ኋላ ሊናገር አይችልም። በሁለተኛው ንባብ ሁለት ቀለም እርሳስ ይያዝ፤ በአንዱ የተናጋሪውን ድምፅ የሚያሳዩ ቃላት፣ በሌላው የተመልካቹን ዓይን የሚያሳዩ ቃላት ይሰመሩ። በሁለቱም ሊሰመር የሚችል ቃል ሲገጥም በሁለቱም ማስመር ነው፤ እንዲያውም ጥሩ ጥሩው ነገር የሚገኘው ሁለቱ ቀለሞች በተደራረቡበት ቦታ ነው።

ከላይ ባለው አንቀጽ ተናጋሪው ማን ነው? «ቀና አለ»፣ «ጠረገ»፣ «ተነሣ» የሚሉት ግሶች ሁሉ በሦስተኛ መደብ የተረቡ ስለ ሆኑ ተናጋሪው ከታሪኩ ውጭ የቆመ ድምፅ ነው። ተመልካቹስ? ብሩክ ነው። ይህን የምንለው ስሙ ቀድሞ ስለ ተጠራ አይደለም፤ ማስረጃችን ከዚያ ጥልቅ ነው።

የግሱ ጅራትና «ብሎ»

ፈተናው ላይ ወደ ወደቅሁበት ነገር ልመለስ። አማርኛ የሌላውን ሰው ንግግር ወይም ሐሳብ ሲያስተላልፍ ብዙ ጊዜ መደቡን ሳይለውጥ እንዳለ ያስቀምጠዋል። አንድ ሰው ስለ ራሱ የተናገረውን ስንነግር «ጀግና ነኝ ይላል» እንላለን፤ «ነኝ» ያለው እኛ ብንሆንም «እኔ»ው እኛ አይደለንም። የዓለም የቋንቋ ጥናት ሊቃውንት አማርኛን ደጋግመው እንደ ምሳሌ የሚያነሡት በዚህ ጠባዩ ነው። እንግዲህ «ልሂድና ልርዳው ብሎ ተነሣ» በሚለው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ያሉት የአንደኛ መደብ ግሶች የተራኪውን መደብ አይለውጡትም። የአንቀጹን መደብ የሚወስነው በ«ብሎ»፣ «ብላ»፣ «አለ»፣ «አለች» ያልታሰረው ግስ ነው። ስለዚህ መደብ ለመለየት የመጀመሪያው ሥራ፣ የታሰሩትን ግሶች በቅንፍ ውስጥ አድርጎ የቀሩትን ብቻ ማንበብ ነው።

ይሁን እንጂ በቅንፍ ያስገባናቸውን እንዳንጥላቸው። «ብሎ» በአማርኛ በአፍ ለወጣ ንግግርም፣ በልብ ለቀረ ሐሳብም ያገለግላል። ብሩክ «ልሂድና ልርዳው» ያለው በአፉ አይደለም፤ የሰማውም የለም። ተራኪው ይህን ሊያውቅ የቻለው በብሩክ ልብ ውስጥ ስለ ገባ ነው። በአንድ ታሪክ ውስጥ በልብ የቀሩትን የ«ብሎ» ሐረጎች አንድ በአንድ ስንለቅምና የማን ልብ እንደ ሆኑ በዳር ስናሰፍር፣ ተራኪው ወደ ማን ልብ እንደሚገባና ወደ ማን እንደማይገባ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በእኛ አንቀጽ ውስጥ የጋሽ ዱካሞ ልብ አንድም ጊዜ አልተከፈተም። አንፃሩ ውስን ነው፤ ሦስተኛ መደብ ሆኖ የአንድን ሰው ልብ ብቻ ያውቃል።

ከዚህ በላይ የሚረቅቀው ደግሞ «ብሎ» እንኳ የሌለበት ቦታ ነው። «ዛሬም ምንም አልያዘም?» የሚለውን ጥያቄ የጠየቀው ማን ነው? የንግግር ምልክት የለውም፤ «ብሎ አሰበ» አልተባለም፤ ግሱም የሦስተኛ መደብ ነው። ተራኪው ግን ዓሣ መያዝ አለመያዙን ጠይቆ የሚጨነቅበት ምክንያት የለውም። ጭንቀቱ የብሩክ ነው፤ አንደበቱ የተራኪው ነው። እንዲህ ያለው ጥያቄ፣ ቃለ አጋኖ፣ «ይሆን?» ወይም «እንዴ!» በትረካው መሐል ባለቤት ሳይጠራለት ብቅ ሲል ተናጋሪውና ተመልካቹ በአንድ ዐረፍተ ነገር ተገናኝተዋል ማለት ነውና በሁለቱም ቀለም ይሰመር።

«ለካ»

ከአማርኛ ቃላት ሁሉ አንፃርን በማጋለጥ «ለካ»ን የሚያህል አላውቅም። «ለካ» አንድ ሰው ቀድሞ ያላወቀውን ነገር በዚያች ቅጽበት እንዳወቀው የምትናገር ቃል ናት። ሁሉን የሚያውቅ ድምፅ ለራሱ «ለካ» ሊል አይችልም፤ ምን አዲስ ነገር ይገኝለታል? ስለዚህ በሦስተኛ መደብ ትረካ ውስጥ «ለካ» ስትገጥመን «የተገረመው ማን ነው?» ብለን እንጠይቅ፤ የተገረመው ሰው ተመልካቹ ነው። «ለካ መሐል ለመሐል ተቀድዷል» በሚለው ላይ የተገረመው ብሩክ ነው። «ኖሯል» የሚለውም («ሄዶ ኖሯል»፣ «ሳታውቅ ኖራለች») ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። «ይመስላል»፣ «ሳይሆን አይቀርም»፣ «መሰለው» የሚሉት ደግሞ የዕውቀትን ድንበር ያሳያሉ፤ የሚገምት ሰው አያውቅም፤ ግምቱ ያለበት ቦታ የተመልካቹ ዓይን ያበቃበት ቦታ ነው።

«መጣ» እና «ሄደ»ም እንዲሁ ናቸው። ጋሽ ዱካሞ ወደ ዳር «መጣ» ተባለ እንጂ «ሄደ» አልተባለም፤ እንግዲህ የምናየው ከዳር ቆመን፣ ብሩክ ካለበት ነው። ታሪኩ ከጀልባዋ ላይ ሆኖ ቢታይ ኖሮ ያው እንቅስቃሴ «ወደ ዳር ሄደ» በተባለ ነበር። ይህ ፍተሻ አጭርና የማያሳስት ስለ ሆነ ብዙ አልዘገይበትም።

የአክብሮት ቅርጽ የሚገልጠው ነገር

በዚህ ላይ ግን ልቆይበት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም የአማርኛ ተራኪ ሊያመልጠው የማይችል ምርጫ ነው። እንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው አንድን አረጋዊ ሲጠራ አንድ ተውላጠ ስም ይበቃዋል። አማርኛ የሚጽፍ ሰው ግን በእያንዳንዱ ግስ ላይ «መጣ» ይበል ወይስ «መጡ» የሚለውን መወሰን ግድ ይሆንበታል። በወሰነ ቁጥርም ከሰውየው ጋር ያለውን ርቀት ይናገራል።

ሦስት አጻጻፎችን እናነጻጽር። «አቶ ዱካሞ ጀልባዋን እየገፉ መጡ» ቢል፣ ድምፁ በጎረቤት ዘንድ የተከበሩ ሰውን በአግባቡ የሚጠራ፣ ትንሽ ራቅ ብሎ የቆመ ድምፅ ነው። «ሽማግሌው ጀልባዋን እየገፋ መጣ» ቢል፣ ሰውየውን በዕድሜው ብቻ የሚለይ፣ ስሙን የማያውቅ ወይም ሊጠራው ያልፈለገ ድምፅ ነው። «ጋሽ ዱካሞ እየገፋ መጣ» ሲል ግን ሌላ ነገር ይሆናል። «ጋሽ» ትልቅነትን ያከብራል፤ ከ«መጣ» ጋር ሲጣመር ደግሞ አክብሮቱ የቤተሰብ፣ የቅርብ አክብሮት መሆኑን ያሳያል። ሐዋሳ ውስጥ ልጅ ሆኖ ያደገ ሰው ለሠፈሩ ትልቅ ሰው «ጋሼ፣ ልያዝልህ?» ማለት ብርቅ አይሆንበትም። እንግዲህ ከታሪኩ ውጭ የቆመ ተራኪ ዱካሞን ጋሽ የሚልበት ምክንያት ከየት መጣ? ከብሩክ ተውሶታል። ተራኪው በራሱ አንደበት እየተናገረ የልጁን አጠራር ይዟል።

«ጀልባዋ» የሚለውንም ልብ ማለት ይገባል። ግዑዝ ነገርን በሴት ጾታ መጥራት በአማርኛ ማቅረብን፣ ማሳነስን ወይም ማቆላመጥን ያመለክታል። የሚያቆላምጠው ማን ነው፣ የሚንቀውስ ማን ነው ብሎ መጠየቅ ለአንፃር ምርመራ ይጠቅማል። እዚህ ላይ ጀልባዋ ለብሩክ የሚያውቃት፣ የሚወዳት ነገር ናት። አንድ ዓሣ ነጋዴ ቢያያት «ያቺ ጀልባ» ይላት ይሆናል፤ ጾታው ያው ነው፣ ስሜቱ ግን ተገልብጧል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። «መጡ» ብዙዎችንም፣ አንድን የተከበረ ሰውም ሊያመለክት ስለሚችል፣ ከአክብሮት ቅርጽ ተነሥቶ ድምዳሜ ከመስጠት በፊት የግሱ ባለቤት አንድ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ደግሞም ምልክት የሚሆነው ቅርጹ ራሱ ሳይሆን የቅርጹ መለወጥ ነው። በታሪኩ መጀመሪያ «አባትየው መጡ» ይል የነበረ ተራኪ በመጨረሻው ገጽ «መጣ» ካለ፣ የማተሚያ ቤት ስሕተት ካልሆነ በቀር፣ ታሪኩ ያለው እዚያ ነው።

አንፃሩን ለውጦ መጻፍ

አንድ አንፃር ምን እንደሚሠራ ለማወቅ ከሁሉ የበለጠው መንገድ አንቀጹን በሌላ አንፃር እንደገና መጻፍ ነው። የተሰበረ ነገር ሁሉ አንፃሩ ተሸክሞት የነበረውን ያሳያል። ያንኑ አንቀጽ ብሩክ ራሱ ከብዙ ዓመት በኋላ ቢተርከው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ጋሽ ዱካሞ ጀልባዋን እየገፋ ሲመጣ ቅርፊት መፋቄን ተውሁ። ልረዳው ተነሥቼ ሁለት እርምጃ ሄድሁና ቆምሁ። መረቡ መሐል ለመሐል ተቀድዶ ነበር። ማን እንደ ቀደደው ያን ጠዋት ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም ብዬ አምን ነበር።»

«ለካ» ጠፋች። ልጽፋት ሞክሬ እጄ እምቢ አለኝ፤ ብሩክ የቀደደውን ሰው የሚያውቅ ከሆነ መቀደዱ አያስገርመውም። ብጽፋት ኖሮ ተራኪው እያወቀ አንባቢውን ያታለለ ይሆን ነበር። የማይታመን ተራኪ የሚባለው ይህ ነው፤ ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ1961 ያስተዋወቀው ዌይን ቡዝ የተባለ አሜሪካዊ ሐያሲ ነው። የማይታመን ተራኪ የግድ ውሸታም መሆን የለበትም፤ ሕፃን ስለ ሆነ፣ ስለ ተናደደ፣ ስላፈረ ወይም ስላልገባው ብቻ ነገሩን አጣምሞ ሊነግረን ይችላል። መፈተኛው ተራኪው የሚለውንና እርሱ ራሱ ሳያስበው ያሳየንን ማነጻጸር ነው። «አልደነገጥሁም» ያለ ተራኪ በሚቀጥለው ዐረፍተ ነገር ቢላው ከእጁ ከወደቀ፣ የምናምነው ቢላውን ነው።

በአንደኛ መደብ ትረካ ውስጥ ደግሞ ሁለት «እኔ» እንዳሉ አይዘንጋ። አንዱ ያኔ የኖረው፣ ሌላው ዛሬ የሚናገረው ነው። «ያኔ» የሚለው ቃልና «አምን ነበር» የሚለው የግስ ቅርጽ በሁለቱ መካከል ያለውን ዓመታት ይለካሉ። «አምን ነበር» ማለት አሁን አላምንም ማለት ነው፤ ትልቁ ብሩክ ትንሹ ብሩክ ያላወቀውን አንድ ነገር አውቋል። ተማሪ «አንፃሩ አንደኛ መደብ ነው» ብሎ ሲያቆም የሚያጣው ይህን ርቀት ነው። በየገጹ «ይህን የሚያውቀው የትኛው እኔ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይጠቅማል። ሦስተኛም «እኔ» አለ የሚሉ አይጠፉም፤ ደራሲውን ማለታቸው ነው። ደራሲውን ከታሪኩ ውጭ መተው ነው የሚሻለው። ተራኪው ዓሣ አጥማጅ ነው ማለት ደራሲው መረብ ጥሎ ያውቃል ማለት አይደለም፤ የተራኪውን ጥፋትም ለደራሲው ማስታቀፍ አይገባም።

አሁን ደግሞ ሁሉን አወቅ እናድርገው፦ «መረቡን የቀደደው ማን እንደ ሆነ ጋሽ ዱካሞ ያውቃል፤ ብሩክ ግን ሽማግሌው ማወቁን አያውቅም።» ሁለት ልብ በአንድ ዐረፍተ ነገር ተከፈተ። ጆሯችን ለዚህ አንፃር እንግዳ አይደለም፤ «ተረት ተረት» ሲባል «የመሠረት» እያልን ካደግንበት ጊዜ ጀምሮ የለመድነው ተራኪ የጅቡንም የአህያይቱንም ልብ የሚያውቅ ነው። ምናልባትም በጣም ስለለመድነው ይሆናል፣ ጀማሪ ጸሐፊዎቻችን ውስን አንፃር ይዘው ከጀመሩ በኋላ ሳያውቁት ከአንዱ ልብ ወደ ሌላው ዘለው የሚገቡት። አንባቢ ሆነን ሆን ተብሎ የተደረገን ሽግግር ከስሕተት የምንለየው እንዴት ነው? እኔ የምጠቀምበት መመዘኛ አንድ ነው፤ ሽግግሩ ባይኖር ታሪኩ ምን ያጣ ነበር? መልሱ «ምንም» ከሆነ ስሕተት ነው። ከላይ ባለው ዐረፍተ ነገር ግን የሽማግሌው ልብ ባይከፈት ኖሮ፣ ብሩክ ቆሞ እያመነታ ሳለ የእኛን ልብ የሚሰቅለው ነገር አይኖርም ነበር። ያተረፍነው ልብ ሰቀላን ነው፤ የከፈልነው ደግሞ የ«ለካ»ን ድንጋጤ ነው። ሁለቱን በአንድ ቦታ ማግኘት አይቻልም።

ተውኔታዊ አንፃር ወደ ማንም ልብ አይገባም፤ የሚታየውንና የሚሰማውን ብቻ ይመዘግባል። «ልጁ ተነሣ። ሁለት እርምጃ ሄደና ቆመ። «ምን ያዝክ ጋሼ?» «ምንም።» ሰውየው መረቡን ዘረጋው።» እንዲህ ባለ ታሪክ ውስጥ «ለካ»ም፣ በልብ የቀረ «ብሎ»ም አይገኝም፤ ስሜቱን ከምልልሱና ከእጅ እንቅስቃሴ መልቀም የአንባቢው ድርሻ ነው። ሁለተኛ መደብ ጥቂት ነው። በአማርኛ ደግሞ «አንተ»፣ «አንቺ» ወይም «እርስዎ» ከማለት አንዱን መምረጥ ግድ ስለሚሆን፣ ገና በመጀመሪያው ግስ ላይ የሚነገርለት ሰው ወንድ ይሁን ሴት ወይም በአክብሮት የሚጠራ ይሁን ተወስኖ ያልቃል፤ መርማሪው ከዚያ ምርጫ ይጀምር።

ትንታኔውን ስለ መጻፍ

ምልክቶቹ ከተለቀሙ በኋላ ትንታኔው ይጻፋል። ብዙዎች እዚህ ላይ የሚሳሳቱት ምልክቶቹን ቆጥረው ስለሚያቆሙ ነው። «በዚህ ታሪክ ውስጥ አምስት ‹ብሎ› አለ» ማለት ትንታኔ አይሆንም። አንድ የትንታኔ አንቀጽ ሦስት ነገር ይኖረዋል፤ አንፃሩን በትክክል የሚገልጽ ዐረፍተ ነገር፣ ከታሪኩ ቃል በቃል የተወሰደ ማስረጃ፣ ማስረጃውም በአንባቢው ላይ ወይም በጭብጡ ላይ ያመጣው ለውጥ። ሦስተኛው ሲጎድል ሥራው ሰዋስው ሆኖ ይቀራል።

ከእኛ አንቀጽ የጻፍሁት የመጀመሪያ ትንታኔ እንዲህ ይል ነበር፦ «ታሪኩ በሦስተኛ መደብ ውስን አንፃር የተተረከ ሲሆን ተመልካቹ ብሩክ ነው። ‹ልሂድና ልርዳው ብሎ› እና ‹ለካ› የሚሉት ቃላት የልጁን ልብ ይከፍቱልናል፤ ‹ጋሽ› የሚለው አጠራርም የልጁን ቅርበት በተራኪው አንደበት ያሰማናል። በመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ግን ‹ጋሽ ዱካሞ› ተለውጦ ‹ሽማግሌው›፣ ‹ብሩክ›ም ተለውጦ ‹ልጁ› ይሆናል። ተራኪው ከብሩክ ዓይን ወጥቶ ሁለቱንም ከሩቅ ያያቸዋል፤ አንባቢውም ለመጀመሪያ ጊዜ ልጁን ከውጭ ሆኖ እንዲያየው ይገደዳል።»

ይህን ይዤ ቅዳሜ ስሄድ በራሴ ረክቼ ነበር። ካነበብሁላቸው መካከል አሞራ ገደል አካባቢ ያደገ አንድ ሰው ግን አልተስማማም። «ልጁ» የሚለውን ተወውና፣ «ሽማግሌው» የሚለው የተራኪው ቃል አይደለም፣ የብሩክ ነው አለ። ማስረጃ ስጠይቀው እንዲህ አስረዳኝ፤ ሽማግሌ ማለት ያረጀ ሰው ብቻ አይደለም፣ የበደለና የተበደለ ሲጣሉ መሐል ተቀምጦ የሚዳኝም ሽማግሌ ነው፤ ልጁ የተቀደደውን መረብ ካየ በኋላ ያን ሰው ጋሼ ብሎ ለመጥራት አፍሯል፤ ከፊቱ የቆመው ነገ የሚፈርድበት ሰው ሆኖ ታይቶታል። በእርሱ ንባብ አንፃሩ ከብሩክ አልወጣም፤ ብሩክ ራሱ ከጋሽ ዱካሞ ራቀ እንጂ።

ወደ ጽሑፉ ተመልሼ ሁለቱን ንባቦች በየቃሉ መዘንሁ። «ልጁ» የሚለው ቃል አሁንም ለእኔ ይመሰክራል፤ ማንም ራሱን በልቡ «ልጁ» ብሎ አይጠራም። «ወደ እነርሱ እንጂ ወደ ልጁ አላየም» የሚለው ግን ለእርሱ ይመሰክራል፤ ሽማግሌው ወደ አባ ኮዳዎቹ እንጂ ወደ እርሱ አለማየቱን አንድ በአንድ የሚከታተል ዓይን፣ እንዲታይ የሚፈራ ሰው ዓይን ነው። ስለዚህ የትንታኔዬን የመጨረሻ ዐረፍተ ነገሮች ሰርዤ፣ «ልጁ»ን በአንዱ ቀለም፣ «ሽማግሌው»ን በሁለቱም ቀለም አሰመርሁና አንቀጹን ከዚያ ቃል ጀምሬ እንደገና ጻፍሁት።